ዱልዱሟና ሹሏ ጥይት

አያ ፈንቴ ያን ቀን ተኝቶ ነበር ወይስ ዓይኑን ብቻ ጨፍኖ ነበር?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሬ ሳገላብጠው ኖሬአለሁ። መልሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አፈር ሆኗል። እኔ ያየሁትን ካላየሁት ለይቼ ካላስቀመጥሁ ዕረፍት የማላገኝ ሰው ነኝ፤ ባልደረቦቼ በዚህ ይሰለቹኛል። ስለዚህ እዚህም ያየሁትን አየሁ፣ የጠረጠርሁትን ጠረጠርሁ እያልሁ እጽፋለሁ።

ሰሞኑን መናኸሪያ ቆሜ አንድ ረዳት ጎማ ሲቀይር ቆይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በአጠገቤ አለፈ። ጨርቁ የሚሸተው ላምባና ግሪስ ነበር፤ እኔን ግን የሸተተኝ ላምባና የበግ ሞራ ነው። ትኬቴን እንደያዝሁ ቀጥ አልሁ። አፍንጫዬ ቀድሞኝ አገሬ ስማዳ ገብቶ ነበር።

ላምባና ሞራ የእኔ ሥራ ነበሩ። ቤታችን ከወገዳ ከተማ ወደ ገደሉ በሚያወርደው መንገድ፣ ጊዮርጊስ ካለበት ጉብታ ሥር ነው። አባባ፣ ማለትም የአባቴ አባት፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። መሪያቸው እኔ ነበርሁ። የዘንጋቸውን አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ከዚያ ፀሐይ ወደሚያርፍበት የካብ ጥግ፤ ከዚያ ወደ ቤት። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉ እኔ ዘንግ ይዤ አያቸው ነበር። ብዙም አይከፋኝም። አባባ አንድን ታሪክ አሥር ጊዜ ቢያወሩት ቃል አይለውጡም፤ ቃል ስለውጥባቸውም ያርሙኛል። ከዚያ በኋላ የገጠሙኝ መምህራን ሁሉ ከእሳቸው ይለሰልሱ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአባባን ጠመንጃ እወለውላለሁ። ከእኔ ቁመት ትረዝማለች። ሰው የፈለገውን ስም ይሰጣታል፤ አባባ ግን «ጀርመኗ» ብለው ነው የሚጠሯት፤ አባታቸው በሁለት የደረሱ ወይፈኖች የለወጧት ናት። ብረቷን በላምባ፣ እንጨቷን በሞራ አሻለሁ። ስጨርስ አባባ ከሰደፏ እስከ አፈሙዟ በጣታቸው ይሄዱባታል። የቀረ ቦታ ካለ ጣታቸው እዚያ ላይ ይቆማል። እኔም ደግሜ አሻለሁ።

ትንሽ ሳለሁ «ይቺ ጠመንጃ የራሷን ካልበላች ሰው ትበላለች» ሲሉ ሰምቼ በጣም ፈርቼ ነበር። እንዳትራብ ብዬ አንድ ቀን በአፈሙዟ የገብስ ቆሎ ጨመርሁላት። አባባ ሲያነሷት ተንኮሻኮሸች። ዘቀዘቋትና ቆሎው መሬት ላይ ሲረግፍ እያዳመጡ፣

«አንጓች፣ ጥሬ ነው ወይስ ቆሎ ነው ያበላሻት?» አሉኝ።

«ቆሎ ነው አባባ።»

«ጎሽ። ጥሬ ቢሆን ኖሮ ክረምት ሲወጣ እናጭዳት ነበር።»

የራሷ የሚሏት ምን እንደሆነች የተማርሁት በዚያች ሐምሌ ነው። አባባ ታመው መደብ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አባቴ ከብት ሊመልስ ወጥቷል፤ እናቴ ወፍጮ ቤት ናት። አያ ፈንቴ ከእርሻ ሲመለስ አባቱን ሊጠይቅ ገባ። አያ ፈንቴ የአባባ የበኩር ልጅ ነው፤ ከአባቴ ጋር አባት እንጂ እናት አይጋሩም። ወንዙን ተሻግሮ ነው ቤቱ። ረጅም፣ ጥቂት የሚናገር፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ነበር። እርጥብ ቁምጣውን ሳይቀይር ጋቢ ደርቦ ከመደቡ ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ተከደነ።

«ሙዳዩን አምጭልኝ» አሉኝ አባባ።

ከሙዳዩ ውስጥ ሁለት ጥይት አወጡና መዳፌ ላይ አደረጉ። አንደኛዋን አውቃታለሁ፤ የቀረቻቸው አንዲት ነበረች። ሌላዋን አንድ ሚሊሻ ነው የሰጣቸው።

«የጀርመኗ የትኛዋ ናት?»

አስተያየኋቸው። ቁመታቸው አንድ። ናሱ አንድ። ቂጣቸውም አንድ። የሚለያዩት ራሳቸው ላይ ነው፤ የአንዷ ጫፍ እንደ ወስፌ የሾለ፣ የሌላዋ እንደ አውራ ጣት የደነዘ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዱልዱም ነገር ማለት ሲሠራ የኖረ፣ ሹል ማለት ገና ያልተሠራበት ነው፤ ማረሻ እንደዚያ ነው።

«ሁለቱም የእሷ ናቸው» አልሁ። «ይቺ አርጅታ ዶልዱማለች፤ ይቺ ገና አዲስ ናት።»

አባባ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «ጥይት እንደ ማረሻ አይደለም ልጄ። አንድ ቀን ነው የምታርሰው።» ከዚያ ሳቃቸውን ውጠው በቀስታ፣ ቃል በቃል አስረዱኝ። ቀሚሳቸው አንድ ነው አሉ፤ ናሱን ማለታቸው ነው። ራሳቸው ግን አንድ አይደለም። ሹሏ ከዱልዱሟ ትወፍራለች። ውፍረቱን ዓይን አያየውም፤ ከንፈር ነው የሚያውቀው። ሁለቱን ተራ በተራ በታች ከንፈራቸው ላይ አንከባለሉና ሰጡኝ። እኔም ሞከርሁ፤ ብርዱን እንጂ ሌላ አላወቅሁም።

«የጀርመኗ ጉሮሮ ጠባብ ነው» አሉ። «ሹሏን ብታጎርሻት ትጎርሳለች፤ ችግሩ መዋጡ ነው። መዋጥ ያቃተው ደግሞ ወዴት ይተፋል?»

«ወደ ኋላ።»

«ከኋላ ያለው ማነው?»

«የያዛት ሰው።»

«ጎሽ። የዛሬ ሰው አፈሙዟ ላይ ሰክቶ ይለካል። ሹል ነገር የት የማይገባ አለ? ራሷን ነው ማየት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው፣ «ፈንቴ፣ ትሰማለህ?» አሉ።

አያ ፈንቴ ጋቢው እስከ አገጩ፣ ዓይኑ እንደተከደነ ነው። አንዲት ዝንብ ቅንድቡ ላይ አርፋ በአፍንጫው በኩል እየሄደች ከንፈሩ ጋ ደረሰች። አላባረራትም።

«ተኝቷል አባባ» አልሁ።

«ይተኛ፤ እርሻ ውሎ ነው።»

ተኝቷል ያልሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበርሁ። የዝንቧ ነገር የመጣብኝ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተኛ ሰው ፊት ላይ ዝንብ ስታርፍ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አያለሁ። አብዛኛው ሰው ሳይነቃም ቢሆን ፊቱን ያኮማትራል። አንዳንዱ ግን፣ በጣም የደከመው፣ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዝንቧም አልጠቀመችኝ።

አባባ በፍልሰታ ጾም መጨረሻ አረፉ። ሊያርፉ ሲሉ በንስሐ አባታቸው ፊት ተናዘዙ፦ የወንዝ ዳሩ መሬት ለፈንቴ፣ ጀርመኗ ለአድማሱ። አድማሱ አባቴ ነው። በእኛ አገር ጠመንጃ ለበኩር ነው። ለታናሹ ሲሰጥ የሰማ ሁሉ አያ ፈንቴን ዞሮ አየው። አያ ፈንቴ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ።

«ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር» አለች እናቴ ማታ አባቴን። «አንዲት ቃል እንኳ? ሰው ነው ወይስ ጉቶ ነው?»

«ወንድሜ ነው» አለ አባቴ።

በቀብሩ ቀን አባቴ ዱልዱሟን አጉርሶ ተኮሰ። ድምፁ ገደል ገብቶ፣ ማዶ ጋይንት ደርሶ ተመለሰ። ጀርመኗ ምንም አልሆነችም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ለፍርድ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ልብ አላሉትም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተዝካሩ ደረሰ። የባለ ጠመንጃ ሰው ተዝካር ላይ ወራሹ በዚያችው ጠመንጃ ካልተኮሰ «ጠመንጃዋ ፈት ቀረች» ይባላል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሰውየው እስኪሞት ድረስ ይሰደብበታል። የራሷ ጥይት ደግሞ በቀብሩ ዕለት አልቃለች። አባቴ በየመንደሩ ጠየቀ፤ የክላሽ እንጂ የእሷን የሚሆን አላገኘም። እናቴ «ሌላ ጠመንጃ ተውሰህ ተኩስ» አለችው፤ እምቢ አለ።

ከተዝካሩ በፊት ባለው አርብ አያ ፈንቴ ማንም ሳይልከው ገደሉን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ አርብ ገበያ ደርሶ መጣ። በተዝካሩ ዕለት ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ የጋቢውን ጫፍ ፈትቶ ሦስት ጥይት በጨርቅ እንደተጠቀለሉ በሰው ሁሉ ፊት ለአባቴ ሰጠው። እኔ ከቤቱ ጀርባ ከሴቶቹ ጋር ጠላ ሳጠልል ነበር፤ አላየሁም። የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

«ከየት አገኘሃት አያ?» አለ አባቴ።

«ከአርብ ገበያ። የእሷ ናት አለኝ ሰውየው።»

«አድማሱ፣ ፍጠን» አለ ታደገ፣ የእናቴ ወንድም። «ጀርመኗ ዛሬ ካልሰማናት ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ነው።»

ሰው ሳቀ። አንዱ ተነሥቶ ጥይቷን አፈሙዟ ላይ ሰክቶ አየ። «ገባች። እንዲያውም ሰፍቷታል» አለ። ሌላው ተቀብሎ ጫፏን በአውራ ጣቱ ነካካና፣ «ይቺማ ያልታረሰባት ማረሻ ናት» አለ። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ ጥቂት አገላበጣት አሉ። ከዚያ አጎረሰ።

ድምፁ የቀብሩን ቀን ድምፅ አልሆነም። ገደል አልገባም። አጭር ነበር፤ የብረት ድስት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ እንደሚለው ያለ። ከጎኔ ያለችው ሴት «ተኮሰ» አለች፤ እኔ ግን ማጥለያውን ጥዬ ሮጥሁ።

አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። የጀርመኗ መቀርቀሪያ ተፈናጥሮ ወጥቷል፤ እንጨቷ ለሁለት ተሰንጥቋል። አያ ፈንቴ ከኋላ ተንበርክኮ የአባቴን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ይላል። የቀሩት ሁለት ጥይቶች ጨርቁ ላይ ነበሩ። አየኋቸው። ሁለቱም ሹል።

አባቴን በቃሬዛ ወደ ወገዳ፣ ከወገዳ በመኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። እስከ ወገዳ ተሸካሚ እየተለዋወጠ ሲሄድ አያ ፈንቴ የፊተኛውን ጫፍ ለማንም አለቅም ብሎ ደረሰ። የአባቴ አንድ ዓይኑ፣ ቀኙ፣ አልተረፈም።

ወሬው ከእኛ በፊት ቤት ገብቶ ቆየን። ጠመንጃውን ያልወረሰ በኩር፣ ለወረሰው ታናሽ ጥይት አምጥቶ ሰጠ፤ ዓይኑ ጠፋ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ታደገና ወንድሞቹ የወንዙን መሻገሪያ ይጠብቁ ጀመር። አያ ፈንቴ ገበያ መውጣት ተወ። ልጆች ሳንቀር የምናውቀው ነገር ነበር፦ አውቆ ከሆነ ይገደላል፤ ሳያውቅ ከሆነ ይምላል። ከተገደለ ደግሞ ልጆቹ የእኛን ይገድላሉ። ነገሩ በአንዲት ቃል ላይ ቆሞ ነበር፤ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም።

አባቴ ፊቱ እንደታሰረ ከሆስፒታል በተመለሰ ሳምንት ሽማግሌዎች ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም አጠገብ፣ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። የሚመሩት መሪጌታ ነበሩ፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ ፍርዳቸው ጠንካራ ሰው።

«ጥይቷ የጀርመኗ መሆን አለመሆኗ ይታይ» አሉ። «የቀድሞዋ ቀለህ የላችሁም?»

ነበረን። አባባ በጉብዝናቸው ከተኮሷት ጥይት የቀረ ባዶ ቀለህ እናቴ ኩል ታስቀምጥበታለች። ሮጬ እንዳመጣ ተላክሁ። ኩሉን በጨርቅ ጠርጌ አመጣሁት። መሪጌታ ከቀሩት ሹል ጥይቶች አንዷንና የእናቴን ቀለህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው አዩ። ቂጣቸው እኩል ነው። ትከሻቸው እኩል ነው። አንዱ ገለባ ቆርጦ ሁለቱንም ለካ።

«ልክ ናት» አሉ መሪጌታ። «ጥይቷ የራሷ ናት። ያረጀችው ጠመንጃዋ ናት።»

እኔ ኩል የነካውን ጨርቅ እንደያዝሁ ቆሜአለሁ። ቀሚሳቸው አንድ ነው፤ ራሷን ነው ማየት። ባዶ ቀለህ ደግሞ ራስ የለውም። የለኩት በሁለቱም ላይ አንድ የሆነውን ነው። ጠመንጃዋስ በቀብሩ ቀን አላረጀችም ነበር? ቀና ስል አያ ፈንቴ የሚያየው ድንጋዩ ላይ ያሉትን ጥይቶች አልነበረም። እኔን ነው የሚያየው።

«ልጄ፣ ለእናትሽ መልሺላት» አሉ መሪጌታ ቀለሁን እያቀበሉኝ።

ሄድሁ። ብናገር ኖሮ የምናገረው ግማሽ ነገር ነበር። «አባባ ሲናገሩ እዚያ ነበር» ማለት እችላለሁ፤ «ሰምቷል» ማለት አልችልም። ታደገ ግን ሌላውን ግማሽ ራሱ ይሞላው ነበር።

በማግስቱ አያ ፈንቴ የቤተ ክርስቲያኑን መድረክ ረግጦ፣ መስቀል ጨብጦ፣ «አውቄ ከሆነ ዘር አይውጣልኝ» ብሎ ማለ። ታደገና ወንድሞቹ ታረቁ፤ በአንድ ማዕድ ተበላ። እናቴ ግን ዓይኗን ከሰማይ አላነሣችም። ጥቅምት ላይ በረዶ ወረደና የአያ ፈንቴን ገብስ መታው።

«አየሽ?» አለችኝ። «ዘር አይውጣልኝ አላለም?»

በረዶው የእኛንም ገብስ መትቶት ነበር፤ እናቴ ግን የእኛን አልቆጠረችውም።

አያ ፈንቴ ከዚያ ወዲያ በሬዎቹን ነድቶ ይመጣል። የራሱን ሳይጀምር የእኛን ያርሳል። ጎህ ሲቀድ ጅራፉ ይሰማል። ምሳ እንዲበላ ሲጠራ «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ውሃ ብቻ ይጠጣል። አባቴ አንድ ዓይኑን ከፀሐይ እየከለለ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሁለቱም አይነጋገሩም።

«ያልበደለ ሰው እንዲህ አያርስም» ትላለች እናቴ።

«ባያርስስ ምን ትይ ነበር?» አላት አንድ ቀን አባቴ።

«በዳይ ነው እል ነበር።»

«እንግዲያው ይረስ።»

ኅዳር መግቢያ ላይ አያ ፈንቴ ማረሻውን አስቀምጦ በራፋችን ላይ ቆሞ፣ «አንጓች ትማር» አለ። «ዘንግ የምትይዝለት ሰው አልፏል። ወገዳ ባለቤቴ እህት አላት፤ እዚያ ትቀመጥ። ስንቋን እኔ አመላልሳለሁ።» የእኔ ዕድሜ ልጆች አራተኛ ክፍል ደርሰዋል። አባቴ ወዲያው እሺ አለ። እናቴ ግን ጓዳ ጠርታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ከቤት ሊያርቅሽ ለምን ፈለገ? ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም።»

«አባባ ምን ነግረውሻል?»

«ተረት።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየችው። አላመነችኝም፤ ግን ለቀቀችኝ።

ወገዳ የወሰደኝ ራሱ ነው። በሶዬን በትከሻው፣ እኔን ከፊት አስቀድሞ ይሄዳል። ከኋላ መሄዱ አላማረኝም። ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ እግሬን እየቆጠብሁ ወደ ውስጠኛው ጥግ ተጠጋሁ፤ አይቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

«አባባ ብዙ አጫውተውሻል፤ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስለምን?»

«ስለ ጅብ። ስለ ዝንጀሮ።»

«ስለ ጠመንጃዋስ?»

እግሬ ሊቆም አለ፤ አስኬድሁት። «ቆሎ አትስጫት ብለውኛል።»

እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከተዝካሩ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ጥቂት ተጓዝን።

«አንጓች፣ አንቺ ነገር ትይዣለሽ» አለ። «ሌላው ልጅ ያፈስሳል። ለእንዳንቺ ያለው ትምህርት ይሆነዋል።»

ምርቃት ነበር? ማስጠንቀቂያ ነበር? ወገዳ አስገብቶኝ፣ ለመምህሩ እጅ ነሥቶ፣ «ከኔ ልጆች ትበልጣለች» ብሎ አስመዘገበኝ። ከዚያ ወዲያ ዝናብም ይሁን ጭቃ ስንቄ ቀርቶብኝ አያውቅም። ከልጆች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ፣ በንባብ የመጨረሻዋ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ዓመቱ ሳያልቅ አነበብሁ። ያኔም ዛሬም ያነበብሁት ሁሉ ከሁለት አንዱ የከፈተልኝ በር ነው፤ ወይ ያዘነልኝ ሰው ደግነት፣ ወይ የፈራኝ ሰው ዘዴ። ስለ አሮጌ ጠመንጃዎች ካነበብኋቸው በአንዱ አባባ ያሉትን አገኘሁት፤ ናሳቸው አንድ፣ ራሳቸው ሁለት፣ አሮጌው አፈሙዝ ለወፍራሟ የማይሆን። ያ ጥያቄ ተመለሰልኝ። ሌላው ግን በመጽሐፍ የሚገኝ አልነበረም።

ለአንድ ሰው የነገርሁት አያ ፈንቴ የተቀበረ ዕለት ነው። አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያለቀሰው በአንድ ዓይኑ መሆኑን ያስተዋልሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ለቀስተኛው ወደ ሐዘን ቤት ሲያቀና እሱ ደክሞት ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አብሬው ቀረሁ። ከእንግዲህ የሚገደል ሰው የለም። የእናቴ ወንድሞች አርጅተዋል፤ እናቴም አርፋለች።

«አባየ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ከዝናቡ ጀመርሁ። ሙዳዩን፣ ሁለቱን ጥይቶች፣ ከንፈሩን፣ ጉሮሮዋን፣ ተራ በተራ ነገርሁት። አያ ፈንቴ እዚያ እንደነበረና ዓይኑ ተከድኖ እንደነበር ነገርሁት። ዝንቧን ሳይቀር። መሬት መሬቱን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ለእኔም ነግረውኛል» አለ። «አንቺ ዘንጉን ሳትይዢ፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ። አፈሙዝ ላይ አትለካ፤ ራሷን እይ ብለውኛል።»

ወደ እሱ ዞርሁ።

«ከእጁ ስቀበላት አወቅኋት። አገላብጬ አየኋት፤ ሹል ናት።»

«ታዲያ ለምን ተኮስህ?»

«ካህናቱ ተቀምጠዋል። የእናትሽ ወንድሞች ተቀምጠዋል። ወንድሜ ያን ገደል ወርዶ ወጥቶ አምጥቶ በሰው ፊት በእጄ አስቀምጦልኛል። ይቺ አትሆንም ብዬ ብመልስለት ሰው ቀጥሎ ምን ይጠይቃል?»

«‹እያወቀ ነው ወይ የሰጠው?› ብሎ።»

«እ። ያን ጊዜ ከዳሱ በሕይወት አይወጣም ነበር። ዓይኔን ለእሱ ብዬ ሰጠሁ አልልሽም፤ ውሸት ይሆናል። ጀርመኗ ትችለዋለች ብዬ ነው። ብዙ ችላ ነበርና።»

«ከዚያ በኋላስ? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸውም?»

«አልጠየቅሁትም። እሱ ግን አንድ ቀን ሊነግረኝ ነበር። እያረሰ ሳለ በሬዎቹን አቆመ። እርፉን እንደያዘ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ‹አድማሱ፣ ያች ጥይት› አለኝ።»

«ምን አለህ?»

«መች አስጨረስሁት። ‹ፀሐይ ሳይበረታ እረስ› አልሁት። አረሰ።»